ጠብቆ የተነገረ፣ ላልቶ የተነበበ

ባለፈው ዓመት፣ ጥምቀት ባለፈ በሳምንቱ፣ በፍኖተ ሰላም አሮጌው ስልክ ቤት በኩል ሳልፍ ሠራተኞች ግድግዳውን ሲያፈርሱ አገኘኋቸው። ጭቃው ረግፏል፤ የቆመው ማገሩ ብቻ ነው። ያስቆመኝ ሽታው ነበር። የደረቀ ወረቀት፣ የባትሪ አሲድና ፀሐይ ያጋለው ቆርቆሮ አንድ ላይ ሲሆኑ የሚሰጡት ሽታ ነው፤ ሌላ ቦታ አሽትቼው አላውቅም። ከሠራተኞቹ አንዱ ዶማውን ተደግፎ፣ «የምትፈልገው ዕቃ አለ እንዴ፣ ጌታው?» አለኝ። «የለም። እዚህ ቤት ሠርቼ ነበር» አልሁት። «ምን ነበር ቤቱ?» «ስልክ ቤት።» ሰውየው ሳቀና ወደ ጓደኛው ዞሮ፣ «ስልክም እንደ ሰው ቤት ነበረው ይለናል» አለ። ጓደኛው ዶማውን ሳያቆም፣ «ቤቱን ለቆ ነዋ ኪሳችን የገባው» ሲል መለሰለት። እኔም ሳቅሁና መንገዴን ቀጠልሁ፤ ሽታው ግን እስከ መናኸሪያው ድረስ ተከተለኝ።

ዕድሜዬ ገና አርባ አልሞላም። ገበሬ ብሆን ጎበዝ የምባልበት፣ ቄስ ብሆን ገና ልጅ ነው የምባልበት ዕድሜ ነው። በስልክ በኩል ግን ሽማግሌ ነኝ። በገመድ እየሰካን ሰውን ከሰው የምናገናኝበት ሰሌዳ፣ ቁጥሩ በጣት የሚዞረው ጥቁሩ ስልክ፣ ካርድ የሚጎርሰው የመንገድ ዳር ስልክ፣ እንደ ጡብ የሚከብደው የመጀመሪያው ሞባይል፣ ሁሉም ዓይኔ እያየ መጥተው ዓይኔ እያየ ሄደዋል። ትምህርት ቤት የተማርሁት እስከ ስምንተኛ ክፍል ነው። የቀረውን የተማርሁት ሽፋኑ ከተገነጠለ የራዲዮ ጥገና መጽሐፍና ሰዎች ተበላሸ ብለው ከጣሉት ቴፕ ነው። የስልክ ቤቱ ኃላፊ ሥራ ስጠይቃቸው ዝም የሚል አንድ መስመር አሳዩኝና «ይህ ለምን ዝም አለ?» አሉኝ። ከፍቼ ሳየው አንዲት ቀጭን ሽቦ ተቆርጣለች። ቀጠልኋት። «ነገ ና» አሉኝ፤ የቅጥር ፈተናዬ ያ ብቻ ነበር። መጀመሪያ ያስተማሩኝም አንድ ነገር ነው። «የሰው ቃል ላይ አትጨምር፤ ከሰው ቃልም አትቀንስ። አንተ ሽቦ ነህ።» ይህን ቃል እንደ ጸሎት ያዝሁት።

ያኔ ፍኖተ ሰላም ላይ ባጃጅ የለም። ዋናው መጓጓዣ የፈረስ ጋሪ ነበር፤ ከመናኸሪያ እስከ ሆስፒታሉ በስሙኒ ያደርሳል። በማንጎ ወራት አምስት ማንጎ በአንድ ብር ገዝተን፣ ጭማቂው በክንዳችን እየወረደ ጥላ ሥር ቆመን እንበላለን። ከስልክ ቤቱ ጥግ ካሴት የሚሸጥበት ሱቅ ነበረ፤ ቀኑን ሙሉ መሰንቆ ያሰማል፤ የገበያ ቀን ደግሞ ከገጠር የመጡ ጎረምሶች አረንጓዴ ቁምጣቸውን ታጥቀው፣ ማበጠሪያ ጠጉራቸው ላይ ሰክተው፣ በሱቁ ደጅ በትከሻቸው ብቻ እስክስታ ይመታሉ። ስልክ ለመደወል የሚመጣ ሰው እንደ ቤተ ክርስቲያን ሰው ለብሶ ነበር የሚመጣው። ሴቶች ነጠላቸውን አስተካክለው፣ ወንዶች ኮታቸውን ቆልፈው። አማቱን ሊያናግር የገባ አንድ ሰውዬ ባርኔጣውን አውልቆ፣ በጣውላው ክፍል ውስጥ እስከ ጉልበቱ ጎንበስ ብሎ፣ «እንዴት ዋሉ? እንዴት ሰነበቱ?» ሲል ሦስቱ ደቂቃ አለቀበት። የመጣበትን ጉዳይ ሳይናገር ወጣ። «ምነው አልነገርኻቸውም?» ስለው፣ «ሰላምታውን ሳልጨርስማ እንዴት ወደ ጉዳይ እገባለሁ?» አለኝ። ሁሉም ይጮሃል። ደብረ ማርቆስ የሚያናግር በመጠኑ ይጮሃል፤ አዲስ አበባ የሚያናግር አብዝቶ ይጮሃል። ርቀቱን በጉሮሮአቸው ነበር የሚለኩት።

እኔ ዝምተኛ ስለሆንሁ ማዳመጥ ይቀናኝ ነበር። ሰውን ለማገናኘት መስመሩ ላይ ትንሽ መቆየት ግዴታ ነውና የመጀመሪያዋን ቃል ሁልጊዜ እሰማለሁ። ከመጀመሪያዋ ቃል የጥሪውን ዓይነት ማወቅ ቻልሁ። «ደህና ገባሁ» የሚል መንገደኛ አለ፤ ያ በጣም አጭሩ ጥሪ ነው። «ስንት ገባ?» የሚል የቡሬ በርበሬ ነጋዴ አለ። «ውጤቱ መጣ?» የሚል የተማሪ አባት አለ። ፈጽሞ ቃል የማይወጣው፣ ትንፋሹ ብቻ የሚሰማ አለ፤ እሱን ፍቅረኛ ነው ብዬ አልፈዋለሁ። ዛሬ እነዚህ ሁሉ ተደባልቀዋል። ሞባይል ሲመጣ መጀመሪያ ሰው ኔትወርክ ፍለጋ ቤተ ክርስቲያኑ ያለበት ጉብታ ላይ ይወጣ ነበር፤ ከዚያ ጥሪው ጭራሹን ሳይነሣ የሚነገርበት ዘመን መጣ። አንድ ጊዜ ጠርቶ ከተዘጋ «ደርሻለሁ»፣ ሁለት ጊዜ ከሆነ «ና ውጣ»። ቀጥሎ «እባክህ መልሰህ ደውልልኝ» የሚለው መልእክት መጣ። ቀጥሎ ከዓረብ አገር ልጆቻቸው የሚደውሉላቸው እናቶች በዝተው፣ ዓርብ ዓርብ መንደሩ ሁሉ ስልኩን ታቅፎ ይቀመጥ ጀመር። አሁን ደግሞ በምስል ነው። ከሁሉ የሚገርመኝ ግን አንድ ጥያቄ ነው። በሽቦ ዘመን ማንም ማንንም «የት ነህ?» ብሎ ጠይቆ አያውቅም ነበር፤ የደወለው ያለበትን ቦታ አውቆ ነውና። ዛሬ የጥሪ ሁሉ መጀመሪያ «የት ነህ?» ሆኗል።

ያኔ ለሕመም አይደወልም ነበር። የታመመ ሰው በቃሬዛ ተሸክመውት ሆስፒታል ያመጡታል እንጂ ማን ስለ ሕመም ሦስት አራት ሰዓት በእግሩ ሄዶ ስልክ ይደውላል? የሚደወለው ለሞት ነው። ሞት ደግሞ በስልክ አይነገርም፤ ነውር ነው። መርዶ የሚነገረው በማለዳ፣ ሽማግሌ ተቀምጦ፣ የሚረዳው ሰው በሚወዳቸው ሰዎች ተከቦ ነው። ስለዚህ የሞተው «ታሟል» ይባላል። «አባትህ ትንሽ አሟቸዋል አሉ» ከተባለ ከቡሬ እስከ ደምበጫ ያለ ሰው ሁሉ ምን እንደሆነ ያውቃል። በስልክ የመጣውን መልእክት የምንጽፍበት ወረቀትም ያን ጊዜ ለባለጉዳዩ አይሰጥም፤ ለሰፈሩ ሽማግሎች ነው የሚሰጠው። ይህን ወግ አሳምረው የሚያውቁት የስልክ ቤታችን መልእክተኛ አያ ፈንቴ ነበሩ። ድቁና ተምረው የተዉ፣ ረጅም፣ ካኪ ኮታቸው ሁልጊዜ የተተኮሰ ሰው ናቸው። ተራውን ወረቀት በትከሻቸው ባንጠለጠሉት ቦርሳ ያደርጉታል፤ የሞቱን በደረት ኪሳቸው።

ከስልክ ቤቱ ፊት ለፊት፣ መንገዱ ማዶ፣ በረንዳ ላይ አንሙት የሚባል ልብስ ሰፊ ነበረ። ሠላሳ አምስት ቢሆነው ነው። የቴትሮን ሱሪ በመስፋት የተመሰገነ ነው፤ ተኩሶት ከሰጠህ መስመሩ ለወር አይጠፋም። እናቱ እትዬ የሺ ከቡሬ በእግር አራት ሰዓት በሚያስኬድ ገጠር ይኖራሉ። አባቱ ሲሞት አንሙት ሞፈሩን ለእህቱ ባል ለይሁኔ አስረክቦ፣ የስፌት መኪና መርገጥ እማራለሁ ብሎ ከተማ ገባ። እናቱ በደጃቸው ቆመው፣ «የአባትህን ሞፈር ጥለህ ከሄድህ፣ ስሞት አፈሬን እንዳትነካ!» ብለው ገዘቱት። በእኛ አገር ይህ ቃል ቀልድ አይደለም። እናቱ በአፏ ካልፈታችው በቀር፣ የተገዘተ ልጅ በቀብሯ ቀን እንደ ባዕድ ዳር ቆሞ ያያል እንጂ አንዲት ጭብጥ አፈር አይመልስባትም። አንሙት ሦስት ጊዜ ሽማግሌ ላከ፤ ሦስቱንም መለሷቸው። ከተማው ሁሉ ያውቅ ነበር። እሱ ግን በቀልድ ይሸፍነዋል። አያ ፈንቴ ቦርሳቸውን ይዘው ከስልክ ቤት በወጡ ቁጥር ከመኪናው ቀና ብሎ፣

«አያ ፈንቴ፣ ለእኔ የመጣ ወረቀት የለም?» ይላቸዋል።

«ለአንተ ማን ይደውላል? መርፌህ ካልደወለች» ይሉታል።

«መርፌዬማ ሁልጊዜ ትናገራለች፤ የሚሰማት ነው የጠፋ።»

ሁለቱም ይስቃሉ። በየቀኑ መጠየቁን ግን አንድም ቀን አልተወም።

በመኸር ሰሞን፣ ማክሰኞ ቀን፣ ጧት አራት ሰዓት ገደማ ቡሬ ደወለች። የቡሬ ስልከኛ እታገኝ ትባላለች። ሁለት ዓመት ሙሉ በየቀኑ ስናወራ መልኳን አላየሁትም ነበር፤ የማውቀው ድምጿን፣ ሳሏንና ጧት ጧት የድምጿን መጎርነን ነው።

«ፍኖተ ሰላም፣ ጻፍ» አለችኝ።

«እየጻፍሁ ነው።»

«ለልብስ ሰፊ አንሙት፤ ከእህቱ ባል ከይሁኔ። ‹እናትህ ታመዋል። አሉ። ቶሎ ድረስ።›»

መስመሩ እንደሚጠበስ ነገር ይንጫጫል። «ድገሚው» አልኋት።

«አሉ ነው የሚልህ፣ አሉ» አለች፤ ‹ሉ›ን በጥርሷ እንደ ነከሰች ጠበቅ አድርጋ። «ሰውየው ፊቴ ቆሟል። ‹አሉ በይው፤ አደራ› እያለ ሁለት ጊዜ አስደገመኝ።»

«ሰማሁ» አልኋት። ሰምቼም ነበር፤ ገብቶኝም ነበር። እትዬ የሺ ታመዋል፤ ግን አሉ፤ በሕይወት አሉ። ልጁ ይድረስላቸው። ወረቀቱን ስቤ የነገረችኝን ሳልጨምር ሳልቀንስ ጻፍሁ፦ «እናትህ ታመዋል አሉ ቶሎ ድረስ።» ከላይ በቀይ «አስቸኳይ» አልሁበት። ጽሑፌ ያምር ነበር፤ ለጽሑፌ እጠነቀቃለሁ።

የአማርኛ ፊደል ሲጠብቅና ሲላላ አንድ ነው። «አሉ» ጠብቆ ሲነገር፣ ሰውዬውን አንቱ ብለህ የምታከብረው ከሆነ፣ በሕይወት አለ ማለት ነው። ላልቶ ሲነገር ተባለ፣ እንዲህ ይላሉ ማለት ነው። እኔ የጻፍሁት ጠባቂውን ነው፤ ወረቀቱ ላይ የተቀመጠው ግን የትኛውም ነው። በ«ታመዋል»ና በ«አሉ» መካከል አንዲት ድርብ ሰረዝ አድርጌ ቢሆን በቂ ነበር። ወይም ወረቀቱን ስሰጣቸው፣ «አያ ፈንቴ፣ ሴትዮዋ በሕይወት አሉ» ብል። ሌላ መስመር እየጠራ ስለነበር ማዳመጫዬን ሳላወልቅ እጄን ዘርግቼ ሰጠኋቸው። አያ ፈንቴ አነበቡት። ባርኔጣቸውን አውልቀው መልሰው አደረጉ። ደረት ኪሳቸው ውስጥ ሲከቱት ግን አላየሁም፤ ወደ ሰሌዳው ዞሬ ነበር።

በኋላ እንደሰማሁት፣ በበረንዳው ሲያልፉ አንሙት እንደ ወትሮው ጠይቋቸዋል። «ዛሬስ፣ አያ ፈንቴ?» «ዛሬም የለም፣ ልጄ» ብለውት አልፈዋል። ወረቀቱን ለሰፈሩ ሽማግሎች ሰጡ። ሽማግሎቹ መከሩ። ሴትዮዋ ግዝታቸውን ሳይፈቱ ነው ያረፉት፤ ልጁን እንዴት እናረዳዋለን፣ ከቀብሩስ እንዴት እናቆመዋለን እያሉ ተጨነቁ። የሚወዱትን ሰው ሁሉ ለማለዳ ጠሩ። ያን ቀን ሙሉ አንሙት በረንዳው ላይ የተማሪ ዩኒፎርም ሲሰፋ ዋለ። እኔም በመስኮቱ አየሁት፤ ከሥራ ስወጣም አየሁት። አለመሄዱ ገርሞኝ ነበር። ልቡ ደንድኖ ይሆናል፣ በግዝቱ ተቀይሞ ይሆናል ብዬ አሰብሁ። መንገዱን ተሻግሬ ልጠይቀው እችል ነበር፤ ሃያ እርምጃ አይሆንም። የሰው ምሥጢር ነው ብዬ ተውሁት።

በማግሥቱ ማለዳ ወደ ሥራ ስሄድ ከአንሙት ሰፈር ለቅሶ ሰማሁ። ሰዎች ነጠላቸውን አዘቅዝቀው ሲገቡ አየሁ፤ የተከራዩት ኢሱዙም በሩ ላይ ቆሟል። ማታ አርፈው ሌላ ሰው በእግሩ መርዶ አምጥቶ ነው ብዬ አዘንሁ። ስልክ ቤት ስደርስ አያ ፈንቴ ደጁን ይጠርጋሉ።

«አያ ፈንቴ፣ የአንሙት እናት መቼ አረፉ? ማን መልእክት አመጣ?»

መጥረጊያውን አቆሙ። «ማን ያመጣዋል? ራስህ አይደለህ የጻፍኸው።»

«እኔ የጻፍሁትማ ታመዋል ብዬ ነው።»

«‹ታመዋል አሉ› ብለህ ነዋ» አሉ፤ አላልተው። «ይህን ወረቀት ስሸከም አረጀሁ። አንድም ቀን ደርሼ የታመመ ሰው አግኝቼ አላውቅም።»

«አሉ ነው እኮ፣ አያ ፈንቴ። በሕይወት አሉ።»

ፊቴን አዩኝ። መጥረጊያውን ግድግዳው ላይ አስደግፈው አግዳሚው ላይ ተቀመጡ። «አፍ ነበረህ እኮ» አሉኝ። ቁጣ አልነበረበትም። ከዚያ ወዲህ ብዙ ሰው ተቆጥቶኛል፤ እንደዚያ ቃል ልቤ ውስጥ የቀረ የለም።

ወደ በረንዳው ማዶ፣ ወደ ሰፈሩ ሮጥሁ፤ ኢሱዙው ሄዷል። ተመልሼ ቡሬን ጠራሁ። የሆነውን ለእታገኝ ነገርኋት።

«እኔ ነክሼ ነበር የነገርሁህ» አለች።

«ሰምቼሻለሁ።»

«ታዲያ?»

«ፊደሉ አይነክስም» አልኋት።

ስልከኛ ሰሌዳውን ትቶ መውጣት አይፈቀድለትም። እታገኝ ግን ማዳመጫዋን አስቀምጣ ነጠላዋን ሳትይዝ ወደ ቡሬ መናኸሪያ ሮጠች። ኢሱዙው ገና መግባቱ ነበር። ሴቶቹ እያለቀሱ ይወርዳሉ፤ አንሙት መሬት ላይ ተቀምጦ ጫማውን ያጠብቃል። «እናትህ አሉ!» ብላ ጮኸች። ከለቀስተኞቹ አንዷ እጇን ይዛ፣ «ምን አሉ? ምን ብለው አረፉ?» ትላታለች። «የለም፣ በነፍስ አሉ! አልሞቱም!» ብላ በእጇ ደረቷን መታች። አንሙት ቀና ብሎ አያት። ጋቢውን አውልቆ እጇ ላይ ጣለና ሮጠ። ሰው አራት ሰዓት የሚሄደውን መንገድ ከሁለት ሰዓት ብዙ ሳይበልጥ ነው የጨረሰው ይላሉ። የመጨረሻዋን ወንዝ ሲሻገር ከማዶ ጩኸቱን ሰማ። እትዬ የሺ ማክሰኞ ቀኑን ሙሉ በሩን አስከፍተው፣ ውሻ በጮኸ ቁጥር «እሱ ነው?» ሲሉ ውለው፣ ሲሉ አድረው፣ ያን ጊዜ ነበር ያረፉት።

በቀብሩ የሆነውን ያወቅሁት ከይሁኔ ነው። አስከሬኑ ቤተ ክርስቲያን ሲደርስ አንሙት ከቅጽሩ ውጭ ቀረ። ይሁኔ ወጥቶ እጁን ይዞ፣ «ግባ። ፈትቼዋለሁ አሉ እኮ» አለው።

«አንተ ሰማህ?»

«እኔማ ለአንተ ስልክ ልደውል ቡሬ ወርጄ ነበር። የነፍስ አባታቸው ሰምተዋል አሉ።»

«አሉ፣ አሉ» አለው አንሙት እጁን እያስለቀቀ። «የፈጀኝ ይህ ቃል አይደለም? ሁለተኛ አላምነውም።» ቄሱ በፍትሐቱ ላይ ነበሩና ወጥተው ሊያናግሩት አልቻሉም። እናቱ ላይ አፈር ሲመለስ ድምፁን ከውጭ ሰማ። ሰው ከቅጽሩ ከመውጣቱ በፊት መንገዱን ጀምሮ ነበር።

በረንዳው ላይ መኪናው ሳይከፈት ሳምንታት አለፉ። እኔ ወደዚያ መስኮት መዞር አቆምሁ። አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ፣ ሰው በሌለበት፣ በሩን ገፍቶ ገባ። ጺሙን አሳድጓል። ወረቀቱን ከሽማግሎቹ ተቀብሎት ኖሮ ሰሌዳዬ ላይ ዘረጋው።

«ይህን ስትጽፍ ምን ብለህ ነው የሰማኸው? ጠብቆ ነው ላልቶ?» አለኝ።

ላልቶ ነው የሰማሁት ብል ሁሉም ነገር በመስመሩ መንጫጫት ይመካኝ ነበር። ያን ማለት እንደሚቻልም ለብዙ ቀን አስቤበታለሁ።

«ጠብቆ ነው፣ አያ አንሙት» አልሁት። «በሕይወት እንዳሉ ገብቶኝ ነበር።»

ራሱን ነቀነቀ። «ያን ቀን መኪናው ላይ ሆኜ አይቼህ ነበር። አንተም በመስኮቱ ታየኝ ነበር» አለ።

«አይቼዎት ነበር።»

ይምታኝ፣ ይስደበኝ ብዬ ጠበቅሁ። እሱ ግን አግዳሚው ላይ ተቀምጦ፣ «የእናቴን የነፍስ አባት በስልክ ማግኘት ይቻላል?» አለኝ። ለእታገኝ ነገርኋት። እታገኝ በገበያተኛ ላከችባቸው፤ ቅዳሜ አምስት ሰዓት ላይ ቄሱ ቡሬ ስልክ ቤት ተገኙ። በሕይወታቸው ስልክ ይዘው አያውቁም ነበር። አንሙትን ወደ ጣውላው ክፍል አስገባሁትና ገመዱን ሰካሁ። ቄሱ መነጋገሪያውን ከአፋቸው አርቀው ያዙት መሰል ድምፃቸው ከነፋስ አልተለየም። አንሙት ከክፍሉ ውስጥ፣ «አይሰማኝም!» ይላል። ድጋሚ አገናኘሁ፤ አሁንም አልሰማ አለው። እታገኝ መስመሩ ውስጥ ገባች።

«አጠገቤ ናቸው፤ እኔ እሰማቸዋለሁ። ለአንተ ልንገርህ፣ አንተ ንገረው» አለችኝ።

ማዳመጫዬን አድርጌ በጣውላው ክፍል በር ላይ ቆምሁ። ገበያ ስለነበር ሰው በሁሉም አግዳሚ ሞልቷል። ቄሱ ለእታገኝ ይናገራሉ፤ እታገኝ ቃል በቃል ለእኔ ትለዋለች፤ እኔ ለአንሙት እናገራለሁ። ያች ወረቀት የመጣችበት መንገድ ራሱ ነው፤ አሁን ግን ወረቀት የለበትም።

«‹አፈሬን ይንካ›» አልሁት። «‹የከለከልሁትም እኔ ነኝ፤ የፈቀድሁትም እኔ ነኝ። ቢደርስልኝ በአፌ እነግረዋለሁ፤ ባይደርስልኝ አንቱ ንገሩልኝ።› እንዲህ ብለዋል። በጆሮዬ ሰምቻለሁ ይላሉ ቄሱ።»

አንሙት ግንባሩን ጣውላው ላይ አስደግፎ ነበር። «ድገመው» አለኝ።

ደገምሁት።

«የመጀመሪያዋን ብቻ።»

«አፈሬን ይንካ።»

«እንደ እሷ በለው። እናቴ ቆረጥ አድርጋ ነው የምትናገር።»

እናቱን አላውቃቸውም፤ ድምፃቸውንም ሰምቼ አላውቅም። ቃሉን ግን ቆረጥ አድርጌ ተናገርሁት። ተራ የሚጠብቁት ሰዎች ሦስት ደቂቃው ካለፈ ቆይቷል፤ ማንም አልተነሣም፣ ማንም አላጉረመረመም። አንዲት ሴትዮ ነጠላዋን አፏ ላይ አድርጋለች። አንሙት ወጥቶ ኮቱን ቆለፈ። ይቅር ብዬሃለሁ አላለኝም። እኔም ይቅር ይበሉኝ አላልሁትም። «አርባዋ የነገ ሳምንት እሑድ ነው፤ ዋዜማውን ተነሥቼ እሄዳለሁ» ብሎ ወጣ።

ዛሬ ያ መንደር ውስጥ ስልክ የሌለው ቤት የለም። እትዬ የሺ ዛሬ ቢታመሙ አንዷ የልጅ ልጃቸው ስልኩን ጆሯቸው ላይ ታደርግላቸውና ግዝታቸውን ተኝተው ይፈቱት ነበር፤ ልጃቸውም የስፌት መኪናው ላይ እንደተቀመጠ ይሰማቸው ነበር። መርዶም ዛሬ ቀጥ ብሎ በስልክ ይመጣል፤ ሰው በመንገድ ላይ፣ በአውቶቡስ ውስጥ፣ ብቻውን ሆኖ ይረዳል። ባለፈው ክረምት አንዲት ልጅ ባጃጅ ውስጥ እንዲያ ስትረዳ አይቻለሁ። የትኛው እንደሚሻል እኔን ብትጠይቁኝ አላውቅም። እኔ የማውቀው የራሴን ብቻ ነው። ከዚያ ወዲህ ወረቀት ስሰጥ በአፌም እናገራለሁ፤ ሰው ቢሰለቸኝም እናገራለሁ።

የአርባው ዋዜማ፣ ቅዳሜ ጧት፣ ሰሌዳዬን እየወለወልሁ ሳለ የቡሬ መስመር ጠራ።

«ፍኖተ ሰላም» አለች እታገኝ።

«አቤት።»

«አንሙት አለፈ።»

«አለፈ ማለት?» አልኋት። ምን ብዬ እንደ ሰማሁት ገባት መሰለኝ፣ ጉሮሮዋን ጠርጋ ቀስ ብላ ጀመረች።

«በበራችን አለፈ» አለች። «በእግሩ ነው። አካፋ በትከሻው ይዟል። ወደ እናቱ አገር እየሄደ ነው። ደህና ነው፤ ቆሞ ሰላም ብሎኛል።»